ፀሐይ በአየር ላይ ያሳለፈቻቸው 30 ሰዓታት

ከሳሪስ ቁልቁል የሚወርደውን የደብረ ዘይት መንገድ ይዞ ቃሊቲ የደረሰ ሰው ማረሚያ ቤቱን ከሩቅ የሚለየው በአጥሩ፣ ከቅርብ የሚያውቀው ደግሞ በጠያቂዎቹ ሰልፍ ነበር። ምሳ ዕቃዋን በፌስታል ቋጥራ ከጠዋት ጀምሮ ተራ የምትጠብቅ እናት ፍተሻው ጋ ስትደርስ ክዳኑን ትከፍት ነበር፤ ከእንጀራው ቆርሳ፣ ከወጡ አጥቅሳ፣ ጠባቂው እያየ ትቀምስ ነበር፤ ምግቡ ወደ ውስጥ የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነበር። ያቀረበ ሰው ቀድሞ ይቅመስ የሚለው ሥርዐት ከነገሥታቱ ግብር ቤት ጀምሮ ስናውቀው የኖርነው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን እስር ቤቱ አይደለም። በክፍለ ከተማው ስም ከቃሊቲ ጋር ተጣምሮ በሚጠራው በአቃቂ፣ በ1928 ዓ.ም. በአገር ውስጥ የተሠራች አንዲት አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራዋን አድርጋለች፤ እኛም ስለዚያች አውሮፕላን የሚነገረውን፣ በተለይም ሞተሯንና ፕሮፔለሯን የሚመለከተውን፣ ከምንጮቹ ጋር እያገናዘብን ልንመረምር ተነሥተናል።

አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። በ12ኛው ቀን የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25 አረፈ፤ ወሩ ሳያልቅም የጀርመኑ ዩንከርስ ደብልዩ 33 ተከትሎት ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍ፣ አስፋው አሊ፣ ባሕሩ ካባና ሥዩም ከበደ የአብራሪነት ፈቃድ ለመያዝ በቁ። ይህ ፍጥነት የሚያስመሰግን ቢሆንም አንድ ጠንቅ አብሮት ተወልዷል። አየር ኀይሉ የተጠራቀመው እንደ ስጦታው፣ እንደ ግዢውና እንደ ወዳጅነቱ ከየአገሩ በመሆኑ፣ በአንድ ሜዳ ላይ ፖቴዝ፣ ዩንከርስ፣ ፋርማን፣ ፎከርና ሞዝ ጎን ለጎን ቆመው ይታዩ ነበር፤ የአንዱ ሞተር ለሌላው አይሆንም፣ የአንዱ መለዋወጫ ከሌላው አይገጥምም፣ ሁሉም ባሕር ተሻግሮ በጂቡቲ ባቡር መምጣት ነበረበት። የአንድ አውሮፕላን መከስከስ በሌላ አገር የአንድ ቀን ወሬ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ከጠቅላላው ኀይል ላይ የማይተካ ክፍል መቀነስ ነበር። አብራሪው ሁበርት ጁሊያን በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ ይዞ ተነሥቶ በከሰከሰ ጊዜ በቤተ መንግሥት የተቀሰቀሰው ቁጣ፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ የክብር ጉዳይ ብቻ አይመስለንም።

አውሮፕላን እዚሁ የመሥራት ሐሳብ የበቀለው በዚህ እጥረት መካከል ነው ብለን ብንገምት ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም። ሥራውን የመራው የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ነው፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም አብረውት ሠርተዋል፤ ዛሬ በሚዘዋወሩት ጽሑፎች የእርሱ ስም ሲደጋገም የእነርሱ አለመጠራቱ የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ጉድለት ነው። ውጤቱ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ለሥልጠና የምትሆን ቀላል አውሮፕላን ነበረች። ስሟን በሚመለከት ምንጮቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሱ «ኢትዮጵያ 1» ሲላት፣ ገሚሱ ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ «ፀሐይ» ይላታል። ይህ ልዩነት ጠብ አይደለም፤ መርከብም አውሮፕላንም የመዝገብ ስምና የክብር ስም ለየብቻ ሊኖራቸው ይችላልና፣ ሁለቱን ስሞች ሁለት አውሮፕላን አድርጎ የሚቆጥር አንባቢ እንዳይኖር ማሳሰቡ ብቻ ይበቃል።

ከባዱ ልዩነት የንድፉ ነው። በአንድ ወገን አውሮፕላኗ የእንግሊዙን ዴ ሃቪላንድ ሞዝ አርአያ አድርጋ ቬበር የሠራት ናት ይባላል። በሌላ ወገን የዓለም አውሮፕላኖችን ዓይነት በዓይነት የሚዘረዝሩ መዛግብት «ማይንድል ፋን ኔስ ኤ.7» በሚል ስም እየመዘገቧት፣ ንድፏን ከኦስትሪያዊው መሐንዲስ ከኤሪክ ማይንድል ጋር ያያይዙታል። ሁለቱን ቃላት ስንመዝን፣ የኋለኛው ለንድፉ፣ የፊተኛው ለአሠራሩ ምስክር መሆን እንደሚችል እንገነዘባለን፤ በሌላ ሰው ንድፍ የተሠራ ቤት የግንበኛው ሥራ መሆኑ እንደማይቀር ሁሉ፣ የውጭ ንድፍ መኖሩ ብቻውን አቃቂ ላይ የተሠራውን ሥራ አያሳንሰውም። በነገራችን ላይ ዛሬ በግል እጅ ስለሚሠሩ አውሮፕላኖች የወጣው የአሜሪካ ደንብም ይህንኑ ይከተላል፤ ሠሪው የሥራውን አብላጫ ክፍል፣ በተለምዶ እንደሚባለው 51 በመቶውን፣ በእጁ መሥራቱን ይጠይቃል እንጂ ንድፉን ማን እንደ ሣለው አይጠይቅም።

ስለ ሞተሯ የሚነገረው አንድ ነው፤ ዋልተር ቬኑስ የተባለ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ የተሠራ፣ ሰባት ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ሲሊንደሮቹ አፍንጫዋ ላይ ፈጠው የሚታዩ በመሆናቸው ሞተሯን ያላየ የለም ማለት ይቻላል። ፕሮፔለሯ ግን፣ ሞተሩ በፋብሪካው፣ በስሙና በጉልበቱ በሚጠራባቸው በእነዚያው ጽሑፎች፣ ስምም ሆነ ልክ ሳይሰጠው ይታለፋል። ተራ ጸሐፊ ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር ቢያልፈው አንፈርድበትም፤ የምንከተለው ጥያቄ ግን ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

አውሮፕላኗ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በታኅሣሥ 1935 እ.ኤ.አ. ነው። ጊዜው ልብ ይባል፤ ፋሽስት ኢጣሊያ መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበርና፣ ሙከራው የተካሄደው ጦርነቱ ከተጀመረ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ነው። ጠላት አዲስ አበባ እስከ ገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ድረስ በጠቅላላው 30 ሰዓት ያህል መብረሯ በሰፊው ይጠቀሳል። እነዚህን ሰዓታት ለአምስቱ ወራት ብናካፍላቸው ለቀን የሚደርሰው ከሩብ ሰዓት ያነሰ ነው። ቁጥሩ ሲጠቀስ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ለኩራት ነው፤ እኛ ግን ጥያቄ እናቀርብለታለን፦ 30 ሰዓት ለአንዲት አዲስ አውሮፕላን ምን ማለት ነው?

ለዚህ መልስ የሚሆን ሚዛን በ1928 ዓ.ም. አልነበረም፤ በኋለኛ ዘመን ሕግ ያለፈውን ዘመን መዳኘት ደግሞ ለታሪክ ጸሐፊ ነውር ነው። ሆኖም የኋለኛውን ሕግ እንደ መነጽር መዋስ እንጂ እንደ ዳኛ መሾም አላሰብንም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በግል ለተሠራ አውሮፕላን የሚሰጠው ፈቃድ በሁለት ምዕራፍ የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ አውሮፕላኑ ሕዝብ ካልሰፈረበት የተወሰነ ቀጠና አይወጣም፤ ለበረራው ግድ ከሚያስፈልግ ሰው በስተቀርም ማንንም አይጭንም። ያበሰለ ቀድሞ ይቅመስ ማለት ይኸው ነው። የዚህ ምዕራፍ ርዝመት በተለመደው አሠራር 25 ወይም 40 ሰዓት ሲሆን፣ ሁለቱን ቁጥሮች የሚለያያቸው የአውሮፕላኑ ትልቅነት ወይም ፍጥነት አይደለም፤ ሞተሩና ፕሮፔለሩ በአንድነት፣ እንደ ጥንድ፣ የጸደቁ መሆን አለመሆናቸው ነው። የጸደቀ ጥንድ 25 ይበቃዋል፤ ያልጸደቀ 40 ይሞላል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ሰዓት በመቁጠር ፈንታ የተወሰኑ የሙከራ ተግባራትን አንድ በአንድ መፈጸምን የሚፈቅድ አማራጭ ተጨምሯል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሳሳት የሚችልበት ቦታ አለ። ሞተሩ ለብቻው የጸደቀ፣ ፕሮፔለሩም ለብቻው የጸደቀ ቢሆን፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ጥንዱ በዚያው ጸደቀ ማለት አይደለም። ምክንያቱ ንዝረት ነው። ሞተር ኀይል የሚሰጠው በተከታታይ ፍሰት ሳይሆን በምት በምት ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲተኩስ ክራንክ ሻፍቱን ጥቂት ይጠመዝዘዋል፣ ሻፍቱም መልሶ ይፈታል። ፕሮፔለሩ በሻፍቱ ጫፍ ላይ የታሰረ ክብደት እንደ መሆኑ የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው፤ የሞተሩ ምት ከዚያ ልክ ጋር የገጠመ እንደ ሆነ፣ ዥዋዥዌ በወቅቱ እየተገፋ ከፍ እንደሚል፣ ንዝረቱ ይጎለብትና ብረቱን ያደክማል። አደጋው ደግሞ ዐይን አይገባም፤ ስንጥቁ ፀጉር አክሎ ተጀምሮ በሰዓታት ብዛት ያድጋል። በሰፊው በሚሠራበት የላይካሚንግ ኦ-360 ሞተር ዓይነቶች ላይ የተወሰነ የሃርትዜል ብረት ፕሮፔለር ሲገጠም፣ አብራሪው በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,250 በሚሆን ዙር ላይ እንዳይቆይ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም የጸደቁ፣ ሁለቱም የታወቁ ሲሆኑ፣ ተጣምረው አንድ የተከለከለ ስፍራ ወልደዋል። ከጸደቀ ጥንድ ላይም ፒስተኑን የለወጠ፣ ማግኔቶውን በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የተካ ወይም የፕሮፔለሩን ጫፍ ቆርጦ ያሳጠረ ሰው ጥንድነቱን አፍርሶታልና ወደ 40ው ይመለሳል።

እንግዲህ በዚህ መነጽር ስናየው፣ 30 የሚለው ቁጥር በ25ና በ40 መካከል ወድቋል። ዋልተር ቬኑስ በዘመኑ የታወቀ የፋብሪካ ሞተር ነበር። ከፊቱ የታሰረው ፕሮፔለር ለዚያ ሞተር የተለካ ከነበረ፣ ፀሐይ የሙከራ ዘመኗን ጨርሳ ወደ አገልግሎት አልፋ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ፕሮፔለሩ ከሌላ አውሮፕላን የተወሰደ ወይም እዚሁ የተጠረበ ከነበረ ግን፣ ጠላት የማረካት በሙከራ ላይ ያለች አውሮፕላን ነበረች። ሰላሳውን ሰዓት በጅምላ የሚጠቅሱት ጽሑፎች ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለሙከራ፣ ስንቱ ለሥልጠና፣ ስንቱ ለመልእክት እንደ ዋለ አይለዩም። ከሁለቱ ግምቶች አንዱን ምረጡ ብንባል፣ የጦርነቱን ጭንቀትና በአምስት ወር የተበረረውን ሰዓት ማነስ አይተን ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ይህ ግን ዝንባሌ ነው፣ ፍርድ አይደለም።

የቦታው ነገርም አለ። አንድ ሞተርና አንድ ፕሮፔለር በፕራግ ሜዳ ላይ የሚሰጡትን አገልግሎት አቃቂ ላይ አይሰጡም። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ በ2,100 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው 81 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚሆን፣ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ የሚያወጣው 90 ያህል ነው። ቀኑ ሲሞቅ ከዚያም ይወርዳል። ፕሮፔለሩም የሚገፋው ይኸንኑ የሳሳ አየር ነውና የጎደለውን አይሞላም፤ ለጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተርም ካልታረመ ቤንዚን አብዝቶ ሞተሩን ያፍነዋል። ፕሮፔለሩ የእንጨት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል። እንጨት ንዝረትን በመዋጥ ከብረት ይሻላል፤ ነገር ግን ክረምት ጠጥቶ ያበጠ እንጨት በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የታሰረበት ብሎን ይላላል፣ የላላ ብሎንም ቀዳዳውን እየፈገፈገ ያሰፋል። ስለዚህም የእንጨት ፕሮፔለር ያሰረ መካኒክ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ ብሎኖቹን ደግሞ ደጋግሞ በልክ ማጥበቅ አለበት። ታኅሣሥ በአቃቂ ደረቅ ወር መሆኑን ልብ ይሏል።

አዲስ አውሮፕላንን የመፈተን ጣጣ የአቃቂ ብቻ ችግር እንዳልነበረ ለመረዳት በዚያው ዓመት በአውሮፓ የሆነውን ማየት ይበቃል። ፈረንሳዊው ኦንሪ ሚኜ ማንም ሰው በጓዳው ሊሠራት የሚችል «የሰማይ ቅማል» የተባለች ትንሽ አውሮፕላን አስተዋውቆ ብዙ ሕዝብ አነሣሣ። እንግሊዝ እነዚህ አውሮፕላኖች የመደበኛውን የብቃት ምስክር ወረቀት ሊያሟሉ ስለማይችሉ በ1935 እ.ኤ.አ. ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ የመብረር ፈቃድ አወጣች። ተከታትለው የደረሱት የሞት አደጋዎች ግን አውሮፕላኗን ወደ ነፋስ መመርመሪያ ዋሻ አስገቧት፤ ወደ ታች ካዘቀዘቀች ቀና ማለት የማትችልበት ሁኔታ እንዳለም ተረጋገጠ። ማለትም፣ ታላላቆቹ የአውሮፕላን አገሮች በግል የተሠራ አውሮፕላን እንዴት ይፈተን የሚለውን በሬሳ ላይ እየተማሩ በነበረበት ጊዜ፣ አቃቂ ላይ የበረረችው አውሮፕላን በአየር ላይ ሰው ሳትገድል 30 ሰዓት ሞልታለች። ይህን ስንጽፍ ኩራት ቢጤ እንደሚሰማን አንደብቅም።

ከወረራው በኋላ ፀሐይ ምርኮ ሆና ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች። እዚህም ላይ ምንጮቹ መመርመር አለባቸው። በቅርብ ዓመታት የወጡ ዘገባዎች ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢጣሊያ አየር ኀይል ሙዚየም ለእይታ ቀርባ እንደ ቆየች ይናገራሉ፤ በመጨረሻ የቆመችበት በብራቻኖ ሐይቅ ዳር የሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ግን የተከፈተው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሊታረቁ የሚችሉት የፊተኛው ስለ ሌላ የእይታ ስፍራ የሚናገር እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ አንድ ሙዚየም ሳይከፈት 36 ዓመት ዕቃ ሊያሳይ አይችልምና። ቁጥሩን ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ የሚቀዳ ጸሐፊ ይህችን ቀላል ቅነሳ ቢያደርግ ኖሮ አንድ ስሕተት ባነሰን ነበር።

ከነጻነት በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። ኢትዮጵያ በ1944 እ.ኤ.አ. የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ፈርማ፣ የአውሮፕላን ብቃት በሕግና በመዝገብ የሚመራበት ሥርዐት ውስጥ ገባች። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ «እሸት» የሚላትን የአሜሪካኖቹን የመድኀኒት መርጫ አውሮፕላን አግ ካት በፈቃድ ገጣጥሟል፤ የእሸት ንድፍ ግን አስቀድሞ በትውልድ አገሩ የተፈተነ ስለነበር፣ የእኛ ጥያቄ እርሷን አይመለከትም።

ጥያቄው በሙሉ ክብደቱ ዳግመኛ የተነሣው በአስመላሽ ዘፈሩ ነው። አስመላሽ ከእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደልና ሥራው ከፈጀበት 570 ቀን «ኬ-570ኤ» ብሎ የሰየማትን አውሮፕላን ሠርቶ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ሊያስነሣት ሞከረ፤ ሙከራው አልሰመረም። ብዙ የውጭ ዘገባዎች ያኔ «በኢትዮጵያ የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን» እያሉ ጻፉላት። ፀሐይ ከ80 ዓመት ገደማ በፊት መብረሯን የሚያውቅ ይህን አይቀበልም፤ ይሁንና የአስመላሽን ድካም ከቬበር ጋር ማነጻጸርም ፍትሕ አይደለም፤ ቬበር የመንግሥት ድጋፍና የአውሮፕላን ሞተር ሲኖረው፣ አስመላሽ የነበረው ያገለገለ የቮልስ ሞተር ነበር። የቮልስ ሞተር በግል አውሮፕላን ሠሪዎች ዘንድ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የከበረ ታሪክ አለው፤ ነገር ግን ክራንክ ሻፍቱ የተሠራው ጎማ ሊያዞር እንጂ በጫፉ ላይ ፕሮፔለር ሊሸከም አይደለምና፣ ከማንኛውም ፕሮፔለር ጋር ቢጣመር በአሜሪካው ደንብ የሚገባው 40 ሰዓት ነው። 40 የፈረስ ጉልበቱም ሱሉልታ ላይ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ወደ 30 ይወርዳል። በጠረፍ ሜዳ ላይ ይህ ሞተር አንድን ሰው በእርግጥ ያነሣል። የሱሉልታ ሜዳ ግን የፈረሱን ሩብ አስቀድሞ ይወስዳል።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢጣሊያ ፀሐይን በይፋ ለኢትዮጵያ አስረከበች። በዚያ ሰሞን የታዩት ፎቶግራፎች ቀይ አካሏን፣ ሁለቱን መቀመጫዎቿንና የሞተሯን ሰባት ሲሊንደሮች አጥርተው ያሳያሉ። ስለ ሞተሩ ብዙ ተጽፏል። ከሞተሩ ፊት የታሰረውን ፕሮፔለር በሜትር ለክቶ፣ በእምብርቱ ላይ የተመታ ቁጥር እንዳለ በባትሪ አብርቶ አይቶ፣ ብሎኖቹን ቆጥሮ ከዋልተር ፋብሪካ ሰነድ ጋር የሚያስተያይ ሰው፣ ፀሐይ 25ቱን ጨርሳ እንደ ሆነ ወይም ከ40ው 10 ቀርቷት እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ሮም መሄድ አያስፈልገውም፤ ዕቃው አገሩ ገብቷል።